እሁድ ጠዋት 3፡30 ላይ ኳስ ይኑረን

ለደሴ እና ለኮምቦልቻ ከተሞች የስፖርት ጽሕፈት ቤቶች

ጉዳዩ፦ ከኳስ እየራቀ ስላለው ተመልካች፣ ስለ ሰፈር ሊግ እና ስለ ሁለቱ ከተሞች የደርሶ መልስ ግጥሚያ

ክቡራን ኃላፊዎች፣

ቅዳሜ ማታ በደሴ ፒያሳም ሆነ በኮምቦልቻ ኳስ ማሳያ ቤት ጎራ ያለ ሰው፣ ወንበሩ ሙሉ ስለሆነ የኳስ ፍቅር እንደ ድሮው ያለ ይመስለዋል። አሥር ደቂቃ ቢቀመጥ ግን ግማሹ ሰው ስልኩ ላይ አጎንብሶ ያገኘዋል። የቀረው ግማሽ ደግሞ ጎል ሲገባ እንኳ ለመነሳት ይሰንፋል። ኳሱ እጅ እጅ ብሎታል። ይህ ደብዳቤ ለምን እንዳለው በአጭሩ ያስረዳል፤ ረዘም ያለው ክፍል ግን በሁለቱ ከተሞች አቅም ምን ማድረግ እንደሚቻል ነው።

ከቴሌቪዥኑ እንነሳ። የአውሮፓ ቻምፒየንስ ሊግ ከምድብ ጨዋታ እስከ ፍጻሜ 125 ግጥሚያ ነበረው፤ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ቡድኖቹ ከ32 ወደ 36 ሲያድጉ 189 ሆነ። የዓለም ዋንጫም ከ64 ወደ 104 ጨዋታ ተለጥጧል። የበዛ ነገር ይረክሳል፤ ማክሰኞ ያመለጠህን ረቡዕ ታየዋለህ፣ ረቡዕ ያመለጠህ ደግሞ ብዙም አይቆጭህም። ሰዓቱም አለ። በአውሮፓ የክረምት ሰዓት ሲገባ ለእኛ ማታ 4 ሰዓት ይጀምር የነበረው ጨዋታ ወደ 5 ሰዓት ይገፋል፤ ሲያልቅ ሌሊት 7 ሰዓት ሊሆን ምንም አይቀረው። ጠዋት ሱቅ ከፋች ወይም ፋብሪካ ገቢ ለሆነ ሰው ይህ ቀልድ አይደለም።

ቫርም (ዳኛው ውሳኔውን በቪዲዮ የሚያጣራበት አሠራር) የራሱን ወስዷል። ትክክለኛ ውሳኔ ማምጣቱን አንክድም፤ ዋጋውን የከፈለው ግን ደስታ ነው። ጎል ገብቶ የተቃቀፈ ሰው የትከሻ ጫፍ እስኪለካ ድረስ በከንቱ ቆሞ ይጠብቃል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተሻረበት በኋላ ለአራተኛው አይነሳም። በዚህ ላይ የምስሉ መዘግየት አለ። ሥርጭቱ ሳተላይት ላይ ወጥቶ እስኪወርድ ጥቂት ሰከንዶች ያልፋሉ፣ በኢንተርኔት የሚመጣው ደግሞ ከዚያም ይብሳል። የውርርድ መተግበሪያ የሚቀበለው ቁጥር ብቻ ስለሆነ ይቀድማል። አጥቂው ገና ሳይመታ ከኋላ ወንበር አንዱ «ገባ!» ብሎ የሚጮኸው ለዚህ ነው። ከዚያ በኋላ የሚታየው ኳስ ያለቀ ነገር ነው።

ስለ ውርርዱ ትንሽ ሒሳብ ይፈቀድልን፤ ብዙ ወጣት ሲነገረው እንጂ ሲሰላለት አላየምና። ሦስቱም ውጤት (ማሸነፍ፣ አቻ፣ መሸነፍ) እኩል ዕድል ያለው ጨዋታ ቢኖር ትክክለኛው ኦድ (ግምቱ ሲሳካ የተቆረጠው ብር የሚባዛበት ቁጥር) 3 ነበር። አወራራጁ 2.85 ቢሰጥ 5 በመቶውን ለራሱ አስቀረ ማለት ነው። አንድ ጨዋታ ብቻ ከሆነ ብዙ አይጎዳም። አሥር ጨዋታ በአንድ ትኬት ሲደረደር ግን 0.95 በራሱ አሥር ጊዜ ይባዛል፤ የሚወጣው 0.60 ገደማ ነው። ስለዚህ ከተቆረጠው 100 ብር ወደ ቆራጮቹ የሚመለሰው በአማካይ 60 ብር ያህል ነው። እያንዳንዱን ጨዋታ በ60 በመቶ ዕድል መገመት የሚችል ጎበዝ ቢገኝ እንኳ አሥሩም የሚሳኩለት ከ165 ትኬት አንዱ ላይ ነው።

ከገንዘቡ ይልቅ ለእኛ ጉዳይ የሚከፋው ሌላ ነው። አሥር ጨዋታ የቆረጠ ሰው አሥሩንም ቡድን አይደግፍም። የሚወደው ክለብ አሸንፎ ትኬቱ ሲቃጠል የሚናደድ ሰው ደጋፊ መሆኑ ያበቃው ያን ቀን ነው፤ ራሱ ግን ገና አላወቀም።

ወደ አገር ቤት ስንመጣ ምክንያቱ ሌላ ነው። የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ በ2012 ዓ.ም. በአክሲዮን ማኅበር መመራት ጀምሮ በ2013 ዓ.ም. በሱፐርስፖርት ቴሌቪዥን መተላለፍ ሲጀምር፣ በሜዳና ከሜዳ ውጪ የነበረው ሥርዓት ቀርቶ ቡድኖቹ በሙሉ አንድ ከተማ እየተሰበሰቡ እንዲጫወቱ ተደረገ። በዚያ ዓመት አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ እና ሐዋሳ ተራ በተራ አስተናገዱ። የካሜራውን ቡድን በየሳምንቱ በስምንት ከተማ ማዞር እንደማይቻል ይገባናል፤ ጥቅሙም ታይቷል። ግን ቡድኑ በከተማው ሜዳ የማይጫወትለት ደጋፊ ከአውሮፓ ኳስ ተመልካች በምን ይለያል? ሁለቱም የሚያዩት በስክሪን ነው። በዚህ ላይ 16 ቡድን በአንድ ሜዳ ሲሰበሰብ አንድ ዙር 8 ጨዋታ ነው፤ አራት ዙር ቢቆዩ 32 ጨዋታ በአንድ ሣር ላይ ይደረጋል። በሳምንት ሁለት ሦስት ጨዋታ የሚችል ሣር በዚህ ጫና መጀመሪያ ጎሉ አፍ ላይ፣ ቀጥሎ መሐል ሜዳ ላይ ይነቀላል። ከዚያ በኋላ መሬት ለመሬት የሚቀባበል ቡድን ሳይቀር ኳሷን ወደ ላይ ማንሳት ይጀምራል፤ ጨዋታውም ያስጠላል።

ብሔራዊ ቡድኑም ከዓይን ርቋል። በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ ግብፆችን 4 ለ 2 ረትተን ወሰድን። ልክ ከ60 ዓመት በኋላ፣ ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ 0 ስናሸንፍ «ሜዳችን» የተባለው ማላዊ ሊሎንግዌ ነበር፤ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን (ካፍ) መስፈርት የሚያሟላ ስታዲየም በአገር ውስጥ አልነበረንም። እንዲህ ያለውን ድል በስታዲየም ሆኖ ያየ የወሎ ልጅ ስንት ይሆናል?

እነዚህን ሁሉ ደሴም ኮምቦልቻም መቀየር አይችሉም። የሚችሉት ሰፈር ውስጥ ያለውን ነው፤ ጥያቄያችንም እሱ ነው። በእያንዳንዱ ከተማ 12 ቡድን ያለው የሰፈር ሊግ ይኑር። የሁለቱ ሊጎች አሸናፊዎች ደግሞ በደርሶ መልስ ይገናኙ። ሆጤ ከሮቢት፣ ሳላይሽ ከቧንቧ ውሃ፣ አራዳ ከሰኞ ገበያ ሲጋጠሙ ተከላካዩ የማን ልጅ እንደሆነ፣ አጥቂው የት እንደሚሠራ ሁሉም ያውቃል። የሚጠፋውን ተመልካች የሚይዘው ይህ መተዋወቅ ነው።

የቀን መቁጠሪያው እንዲህ ቢሆን ይሠራል። 12 ቡድን አንድ ዙር ሲጫወት 11 ሳምንት፣ በጠቅላላው 66 ጨዋታ ነው። ቅዳሜ ሦስት፣ እሁድ ሦስት ቢሆን አንድ ሜዳ ይበቃል። በጥቅምት የመጀመሪያው ቅዳሜ ተጀምሮ ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ያልቃል። ከዚያ በፊት መጀመር አይመከርም፤ ዝናቡ ሙሉ በሙሉ አልወጣም፣ መስከረም 21 የግሸን ማርያም ጉዞ ስላለም መኪናውም ሰዉም በዚያ ይጠመዳል። በቅርብ ዓመታት ረመዳን ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ውስጥ ስለሚውል ሊጉ አይነካውም። ያም ሆኖ በየዓመቱ 10 ወይም 11 ቀን ገደማ እየቀደመ ስለሚመጣ ፕሮግራም ሲወጣ መታየት አለበት።

ሰዓቱ ከሁሉም በላይ ነው፤ ብዙ የከተማ ውድድር የሚሞተው በሰዓት ምርጫ ነው። ከሰዓት በኋላ የተደረገ ጨዋታ ከእንግሊዝ ሊግ ጋር ይጋጫል። የቅዳሜው የመጀመሪያ ጨዋታ ለእኛ 8፡30 ላይ፣ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ መጋቢት ሦስተኛ ሳምንት ደግሞ 9፡30 ላይ ይጀምራል። ከዚያ ጋር መፎካከር አያስፈልግም፤ መቅደም ይሻላል። ጨዋታው 35 ደቂቃ በ35 ደቂቃ፣ ዕረፍት 10፣ መለዋወጫ 10 ደቂቃ ቢሆን በጠቅላላው አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። 3፡30፣ 5፡00 እና 6፡30 ላይ የሚጀምሩት ሦስቱ ጨዋታዎች 8 ሰዓት ላይ ያልቃሉ። እሁድ 3፡30 ቅዳሴ የሄደው ተመልሶ፣ ቁርስ ተበልቶ የሚደረስበት ሰዓት ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ የደሴ ብርድም በዚያ ሰዓት ለቀቅ ይላል። ለኮምቦልቻ ግን የ6፡30ው ጨዋታ ፀሐይ ይበዛበታል። እዚያ መጀመሪያውን 2፡30 ማድረግና በየአጋማሹ መሐል የውሃ ዕረፍት መስጠት ያስፈልጋል።

ዕጣው አንድ ጊዜ ብቻ፣ በሁሉም አምበሎች ፊት ይውጣ። በየሳምንቱ «የሚቀጥለው ማን ከማን ነው» እየተባለ የሚወጣ ዕጣ ለሐሜት በር ይከፍታል። ዘዴው ቀላል ነው፤ ከ1 እስከ 12 ያሉትን ቁጥሮች በሁለት ረድፍ፣ ከላይ ከ1 እስከ 6፣ ከታች ከ12 እስከ 7 አድርጎ መጻፍ፤ ፊት ለፊት የተያዩት ይጋጠማሉ። ለቀጣዩ ሳምንት 1 ቁጥርን ሳይነኩ ሌሎቹን በሙሉ አንድ ቦታ ማዞር ነው። 10 ጊዜ ሲዞር በ11 ሳምንት ሁሉም ከሁሉም ተገናኝቷል። የመጀመሪያው ሰዓት (3፡30) ሁልጊዜ ለአንድ ቡድን እንዳይደርስ ሰዓቱም ይዘዋወር። የ66ቱ ጨዋታ ዝርዝር ከነሰዓቱ ታትሞ በሜዳው በር፣ በሻይ ቤቱና በኳስ ማሳያ ቤቱ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። የደረጃ ሰንጠረዡም እሁድ ማታ እዚያው ይታደስ። አንድ ሰው የቡድኑን ደረጃ ለማየት ብሎ ከቆመ፣ ሳምንት ሜዳ መምጣቱ አይቀርም።

አሁን ወደ ሜዳው። ዋልካ አፈር ዝናብ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ቁርጭምጭሚት የሚያስወልቀው ያ ስንጥቅ ነው። መድኃኒቱ ውሃውን ማስወጣት ነው። መሐሉን ከጎኖቹ ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል፤ በ34 ሜትር 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ቁልቁለት ለዓይን አይታይም፣ ውሃ ግን ያወርዳል። በሁለቱም ጎን፣ ከመስመሩ ቢያንስ ሦስት ሜትር ርቆ ቦይ ይቆፈር። ከላይ አሸዋ መልበስ ካለበት፣ 105 በ68 ሜትር የሆነ ሜዳ ላይ አንድ ሳንቲ ሜትር ለማልበስ 71 ሜትር ኩብ ይፈልጋል፤ 16 ሜትር ኩብ በሚጭን ገልባጭ አምስት ጊዜ ቢመላለስ ይበቃል። ስህተቱ የሚሠራው እዚህ ላይ ነው፤ አሸዋው ጎሉ አፍ ላይ ብቻ ተደፍቶ ይቀራል፣ ከአፈሩ ጋር ሳይቀላቀል በመጀመሪያው ዝናብ ይታጠባል፣ ጉድጓዱ ከፊተኛው የባሰ ይሆናል። በሬክ ተበትኖ ከላይኛው አፈር ጋር መቀላቀል አለበት፤ ሥራውም መስከረም ውስጥ፣ አፈሩ ገና እርጥበት ሳለው ይሠራ።

የመስመር ቅቡን ቀላል አድርጎ የሚያይ ብዙ ነው። አንድ ሙሉ ሜዳ ከ700 ሜትር በላይ መስመር አለው። ማዕዘኑ እንዳይጣመም ገመድ ላይ 3፣ 4 እና 5 ሜትር ለክቶ ሦስት ማዕዘን መሥራት ነው፤ ግንበኛ ሁሉ ያውቀዋል። ኖራ ግን አይሁን። ኖራ በእርጥብ ሣር ላይ ቆዳ ይልጣል፣ ዓይን ከገባ ደግሞ ሊያሳውር ይችላል፤ ተንሸራቶ የወደቀ ተጫዋች ፊቱን የሚያሳርፈው መስመሩ ላይ ነው። በውሃ የቀጠነ ነጭ የግድግዳ ቀለም ወይም ጀሶ ይሻላል።

የጎሉ ነገር ደግሞ የሕይወት ጉዳይ ነው። የባሕር ዛፍ አግዳሚ በ7.32 ሜትር ርዝመት መሐሉ ላይ ይጎብጣል፤ 2.44 መሆን ያለበት ከፍታ በሁለተኛው ወር 2.35 ይሆናል፣ በረኛውም አያማርርም! ባለ ሦስት ወይም ባለ አራት ኢንች ክብ ብረት ተበይዶ፣ ቋሚው 60 ሳንቲ ሜትር መሬት ውስጥ በኮንክሪት ይቀበር። ከቦታ ቦታ የሚነሳ ጎል ከሆነ ኋላው ላይ ካስማ ሳይመታበት ወይም የአሸዋ ጆንያ ሳይጫንበት ማንም አይጠጋው፤ ያልታሰረ ጎል ላይ ልጆች ሲንጠለጠሉ ተገልብጦ የገደለባቸው አገሮች ብዙ ናቸው።

ዳኛ። በቀን ሦስት ጨዋታ ካለ አራት ሰው ይበቃል፤ እየተፈራረቁ አንዱ መሐል፣ ሁለቱ መስመር፣ አራተኛው ጠረጴዛ ላይ ይሆናሉ። አንድ ሰው በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ መሐል አይግባ፤ በደሴ ከፍታ ሁለተኛው ጨዋታ ላይ ኳሷን መከተል ያቅተውና ከሩቅ ይፈርዳል፣ ጠቡም ከዚያ ይነሳል። አበላቸው እዚያው ሜዳ ላይ፣ በዚያው ቀን ይከፈል። «በኋላ» የተባለ የዳኛ አበል ሦስተኛው ሳምንት ላይ ዳኛ ያሳጣል።

ሊግ ከሚያፈርሱት ሌሎች ነገሮች ዋናው ፎርፌ ነው። ሦስት ጊዜ የተሸነፈ ቡድን በአራተኛው አይመጣም። ከምዝገባ ጋር መያዣ ገንዘብ ይቀመጥ፤ ጨዋታዎቹን ሁሉ ለጨረሰ ሙሉው ይመለስለት፣ ለቀረ አይመለስ። የተጫዋች ምዝገባ መስከረም 10 ይዘጋ፣ ለአንድ ቡድን ከ22 ሰው አይበልጥ፣ ቴሴራው (የተጫዋች መታወቂያው) ፎቶ ያለበት ይሁን፤ ቴሴራ ያላመጣ እናቱ ብትመሰክርለትም አይሰለፍ። እኩል ነጥብ ሲመጣ መጀመሪያ እርስ በርስ ውጤት፣ ቀጥሎ የግብ ልዩነት መሆኑ ከዕጣው በፊት ተጽፎ ይፈረምበት። ሽልማቱ ደግሞ ትልቅ ገንዘብ አይሁን። ገንዘቡ ሲያጓጓ ቡድኖቹ ከሌላ ከተማ ተጫዋች ይቀጥራሉ፣ የሰፈሩ ልጅ ተጠባባቂ ይሆናል፣ ጎረቤቱም መምጣት ይተዋል፤ ተመልሰን የሸሸነው ነገር ውስጥ ገባን ማለት ነው። ዋንጫ፣ ሙሉ ማልያ፣ አምስት ኳስ እና አንድ ሙክት ይበቃል።

የሁለቱ ከተሞች ግጥሚያ ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ቢሆን ጥሩ ነው። 25 ኪሎ ሜትር ነው፤ ደጋፊ በሚኒባስ ደርሶ ይመለሳል። ግን በመሐል ያለው የሐረጎ ዳገት ላይ ጉም ሲወርድ መንገዱ ከባድ ስለሆነ ጨዋታው ከ9 ሰዓት በፊት ማለቅ አለበት። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ 600 ሜትር ያህል ሽቅብ ነው፤ ለዚያ ያልለመደ ቡድን በመጨረሻዎቹ 20 ደቂቃዎች ሳንባው ያጥረዋል። አየሩም ስለሚሳሳ በረጅሙ የተመታች ኳስ ከታሰበው ታልፋለች። ስለዚህ መጀመሪያው ጨዋታ ደሴ፣ መልሱ ኮምቦልቻ ይሁን የሚል ሐሳብ አለን። የደሴ ሰዎች ይህን አይወዱትም፤ በዕጣ ይሁን ካሉም እንስማማለን።

ክቡራን ኃላፊዎች፣ ከጽሕፈት ቤቶቻችሁ የምንጠይቀው ገንዘብ ጥቂት ነው። ለሜዳው ገልባጭ መኪናና የማስተካከያ ማሽን ለአንድ ሳምንት፣ ለዳኞች የምደባ ደብዳቤ፣ የመጀመሪያ ዕርዳታ የሚሰጥ አንድ ባለሙያ በየጨዋታው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የተቆረጠ ሰዓት። ሜዳው ለስብሰባ ወይም ለበዓል ዝግጅት ከተፈለገ ቢያንስ አንድ ሳምንት ቀድሞ ይነገር፤ ሜዳ ደርሶ የተመለሰ ተመልካች ሁለተኛ አይመጣም። ማልያውን፣ ኳሱን፣ መረቡን እና የመስመር ቀለሙን ቡድኖቹ ከመግቢያ ያዋጣሉ።

አሁን የምንጠብቀው መልስ አንድ መስመር ነው፤ ከጥቅምት መጀመሪያ እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ ባሉት ቅዳሜና እሁዶች፣ ደሴ ከ3፡30 እስከ 8 ሰዓት፣ ኮምቦልቻ ደግሞ ከ2፡30 እስከ 7 ሰዓት ሜዳው ክፍት ነው ወይስ ተይዟል? ተይዞ ከሆነ በማን?

ከሰላምታ ጋር
ከደሴና ከኮምቦልቻ የእግር ኳስ ተከታታዮች

ግልባጭ፦
ለየሰፈሩ ቡድን አምበሎች
ለኳስ ማሳያ ቤት ባለቤቶች (ከ8 ሰዓት በኋላ ደንበኞቻችሁን እንመልስላችኋለን)